ቆዳውን ተዉት፣ ሳጥኑን አክሙት

ጥያቄ፦ «ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የ16 ዓመቷ ልጄ ከወር በፊት ከእንስሳት መጠለያ ቦል ፓይተን የሚባል እባብ ይዛ መጣች። የቀድሞ ባለቤቱ ጥሎት ሄዶ ነው አሉ። እኔ እባብ ሲባል ስሰማ ራሱ የሚዘገንነኝ ሰው ነኝ። አሁን ግን ሳሎኔ ውስጥ አለ፤ ስሙም ንጉሤ ነው። ሰሞኑን ቆዳውን መጣል ጀመረ። ግን ቁርጥራጭ ቁርጥራጩ ነው የሚረግፈው። ጀርባው ላይ ተጣብቆ የቀረ አለ። ጭራው ጫፍ ላይ ቀለበት የመሰለ ነገር ይዞታል። አንድ ዓይኑ ደብዝዟል። ሆዱ ላይም ቡናማ ነገር አየሁ። ሳጥኑ መስታወት ነው፣ ክዳኑ ወንፊት፣ ከላይ ቀይ አምፖል አለው። ልጄ ቀኑን ሙሉ ውሃ ስትረጭበት ታች ያለው ሰጋቱራ ረጥቦ መሽተት ጀምሯል። እሷ ቪዲዮ አይታ በወረንጦ ልላጠው ትላለች። እናቴ፣ 74 ዓመታቸው ነው፣ ቅቤ ቀቡት ይላሉ። ከመጣ ጀምሮ ምንም አልበላም። ቤት ውስጥ የ3 ዓመት ልጅም አለ። በሽታ ነው ወይ? ይተላለፍብናል ወይ? — ሳልፈልግ የእባብ አያት የሆንኩ»

መልስ፦

ውድ የንጉሤ አያት፣

ከሁሉም በፊት ወረንጦውን ከልጅዎ ይቀበሉ። ቅቤውንም ወደ ጓዳ ይመልሱት። ለእናትዎ አክብሮቴ ይድረስልኝ፤ ለጠጉር ቢሆን አልከራከርም ነበር። የንጉሤ ቆዳ ያጣው ግን ቅባት አይደለም፣ ውሃ ነው። ቅቤም ሆነ ቫዝሊን ከላይ ይለጠፋል፣ ቆሻሻ ይሰበስባል፣ ከቆዳው ሥር ግን አይገባም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እባብ አሮጌውን ቆዳ ከመጣሉ በፊት ከሥሩ አዲስ ያበቅላል። ሁለቱ እንዲላቀቁ በመሃላቸው ፈሳሽ ይገባል። በዚያ ጊዜ ዓይኑ ወተት የነካው ሰማያዊ ይመስላል፣ ቆዳው ይደበዝዛል፣ ሆዱ ሮዝ ይላል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ዓይኑ ተመልሶ ይጠራል። ከዚያ በሳምንት ውስጥ አፍንጫውን እንጨት ወይም ድንጋይ ላይ ያሽና ቆዳውን ከአፉ ጀምሮ ገልብጦ ይወጣል። ጤነኛ እባብ ቆዳውን በአንድ ቁራጭ ነው የሚጥለው፤ የዓይኑ ሽፋን ሳይቀር አብሮ ይወጣል። አየሩ ከደረቀ ወይም እባቡ ራሱ ውሃ ካነሰው ግን አሮጌው ቆዳ ሳይላቀቅ ይደርቅና እንደ እርስዎ ቤቱ ይቆራረጣል።

ስለዚህ «በሽታ ነው ወይ?» ላሉት፣ ብዙ ጊዜ የተቆራረጠ ቆዳ በሽታ ሳይሆን አቤቱታ ነው። አቤት የሚለውም በሳጥኑ ላይ ነው። ግን ንጉሤ ከመጠለያ የመጣ እባብ ስለሆነ «ብዙ ጊዜ» በሚለው ብቻ አንተኛም። የቀድሞው ቤት ጥሎበት የሄደው ነገር ሊኖር ይችላል። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ቦል ፓይተን የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ እባብ ነው። ጋና፣ ቶጎ፣ ቤኒን ዋና አገሮቹ ናቸው፤ በምሥራቅ እስከ ኡጋንዳ ይደርሳል። በአገራችን ዘንዶ የምንለው ግዙፉ እባብ ሌላ ዝርያ ነው። ንጉሤ ቢያድግ ቢያድግ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሜትር ተኩል አያልፍም። መርዝም የለውም። ሲፈራ ተጠቅልሎ ጭንቅላቱን መሃል ይደብቃል እንጂ ሰው ፍለጋ አይመጣም። ሰዎች ሣር ሜዳ ላይ የሚኖር እንስሳ ነው ሲባሉ ደረቅ አየር የሚስማማው ይመስላቸዋል። እሱ ግን ቀኑን የሚያሳልፈው አይጦች በቆፈሩት ጉድጓድና በኩይሳ ውስጥ ነው። ላዩ ቢደርቅም ጉድጓዱ ውስጥ እርጥበት አለ። እርስዎ ቤት ደግሞ ሂተሩ ሌት ተቀን ይነፍሳል። በሜሪላንድ ክረምት የእኛው ከንፈርና ተረከዝ እንዴት እንደሚሆን ያውቁታል። በዚያ ላይ ክዳኑ ወንፊት ነው፤ አምፖሉ ያለችውን ጥቂት እርጥበት እያሞቀ ወደ ላይ ያወጣታል።

አሁን ዋናው ስሕተት ጋ ደረስን። ልጅዎ ደረቁን አየር ልታርም ውሃ ትረጫለች። የተረጨው አየሩን ለአፍታ ያረጥበዋል፣ ወዲያው ይተናል። ሰጋቱራው ላይ የወረደው ግን እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ንጉሤ ከላይ የደረቀ፣ ከታች የረጠበና የቆሸሸ ቤት ውስጥ ነው ያለው። ጀርባው በድርቀት ይቆራረጣል፣ ሆዱ በእርጥብ ቆሻሻ ላይ ይተኛል። ያዩት ቡናማ ነገር ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ከቆዳው ይልቅ እኔን ያሳሰበኝም እሱ ነው።

ዛሬውኑ ሰጋቱራውን በሙሉ አውጥተው ይጣሉት። የጥድ ወይም የሴዳር እንጨት ከሆነ በደረቁም ቢሆን አይመለስ፤ ሽታው ለእባብ ጥሩ አይደለም። ሳጥኑን አጥበው ያድርቁና ነጭ ፔፐር ታወል ያንጥፉበት። ያምራል አልልም፤ ሆዱን ግን ደረቅና ንጹሕ ያደርግለታል፣ እርስዎም የሚያስወጣውን ሁሉ ያያሉ።

ከዚያ ሆዱን በደንብ ይዩት። ልጅዎ ትያዘው፣ እርስዎ ባትሪ ያብሩ። መቅረብ ግዴታ የለብዎትም፣ ከሶፋው ላይም ሆነው ማብራት ይቻላል። ቡናማውን በለብ ባለ ውሃ በራሰ ጨርቅ ቀስ ብላ ትጥረገው። ከለቀቀ ቆሻሻ ነበር፣ እሰየው። ካልለቀቀ፣ ቅርፊቶቹ ከቀሉ፣ ውሃ ከቋጠሩ፣ ጠርዛቸው ከተነሳ ወይም ከሸተቱ ግን ቁስል ሆኖ ባክቴሪያ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ያ በቤት ውስጥ አይታከምም። በሳምንቱ ውስጥ ሐኪም ይየው። ከመድኃኒት መደብር የገዙትን የሰው ቅባት አይቀቡት፤ በተለይ ማደንዘዣ ያለበትን።

ሌላም ሊሆን የሚችል ነገር አለ፤ አሮጌ ቃጠሎ። ብዙ የተጣሉ እባቦች የመጡት መቆጣጠሪያ የሌለው ማሞቂያ ላይ ከተኙበት ቤት ነው። በቃጠሎ የዳነ ቦታ ቅርፊቱ የተጨማደደ ወይም የጠፋ ይሆናል። እዚያ ቦታ ላይ ቆዳ ሁልጊዜ ሊያዝ ይችላል፣ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ። እንዲህ ከሆነ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፤ በየጊዜው በትንሹ እየረዱት መኖር ነው።

ወደ አየሩ እንመለስ። አንድ ዲጂታል የእርጥበት መለኪያ ይግዙ። መርፌ ያለው ክብ መለኪያ ርካሽ ነው፣ ግን ይዋሻል። መለኪያውን ክዳኑ አጠገብ ሳይሆን እባቡ በሚተኛበት ከፍታ ላይ ያድርጉት። በአዘቦት ቀን ከ50 እስከ 60 ከመቶ፣ ዓይኑ ሲደበዝዝ ደግሞ ወደ 70 የተጠጋ ይፈልጋል። ይህን ለማግኘት አብዛኛውን ወንፊት ክዳን በአልሙኒየም ፎይል ይሸፍኑት፤ አምፖሉ ያለበትን አካባቢ ግን ክፍት ይተዉት፣ እሳት እንዳይነሳ። ሰፋ ያለ የውሃ ሳህን ያስገቡለት፣ ተጠቅልሎ የሚገባበት ያህል። ሳሎኑ ውስጥ ሂዩሚዲፋየር (አየር የሚያረጥብ መሣሪያ) ካለዎት ያብሩት፤ ለልጆቹም አፍንጫ ይጠቅማል። ሐኪሙ ሆዱ ደህና ነው ካለ በኋላ ፔፐር ታወሉን በኮኮናት ቅርፊት ንጣፍ ይለውጡት፣ ግማሽ ስንዝር ያህል ጥልቀት ይኑረው። ውሃውን ከላይ ከመርጨት በማዕዘኖቹ በኩል ታች ድረስ ያፍስሱት። ታቹ ይረጥባል፣ ላዩ ደረቅ ይሆናል። ቅድም ያልኩት ጉድጓድ ማለት ይኸው ነው።

ለቆዳ መጣያ ጊዜ ደግሞ አንድ ዘዴ አለ፤ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳጥን ይውሰዱ፣ በጎኑ እባቡ የሚያልፍበት ቀዳዳ ይቅደዱለት፣ ጠርዙን ያለስልሱት። ውስጡ ስፋግነም ሞስ የሚባለውን ውሃ የሚይዝ ተክል፣ ከአትክልት መደብር የሚገኘውን፣ ነክረው ጨምቀው ያድርጉ። እባቡ ሲፈልግ ይገባል፣ ሲበቃው ይወጣል። ማንም አይረጨው፣ ማንም አይላጠው። ግን ደግሜ እላለሁ፣ የሆዱ ነገር ሳይታወቅ ይህን አይጀምሩ። የታመመ ሆድ በእርጥብ ሞስ ላይ ሲተኛ ይብሳል።

ሙቀቱንም ይለኩ። ሞቃቱ ጥግ ከ88 እስከ 92 ዲግሪ ፋራናይት (31–33 ሴንቲግሬድ)፣ ቀዝቃዛው ጥግ ከ76 እስከ 80 (24–27 ሴንቲግሬድ) ይሁን። ማሞቂያው ምንም ዓይነት ቢሆን ቴርሞስታት (ሙቀቱን የሚቆጣጠር መሣሪያ) ይኑረው። ቀዩን አምፖል ሌሊት ሌሊት ያጥፉት፤ ብርሃን የሌለው ማሞቂያ ይሻለዋል።

ጀርባው ላይ የቀረው ቁርጥራጭ አያስቸኩልም። የጭራው ቀለበት ግን ያስቸኩላል። እዚያ የተያዘ ቆዳ ሲደርቅ ይጠብባል፣ ደም ያግዳል፣ በየወሩ በላዩ ሌላ ሲደረብበት የጭራው ጫፍ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ለእሱ ብቻ የሚሆን ሳፋ ይግዙ። ለብ ያለ ውሃ ያድርጉበት፣ ከ80 እስከ 85 ፋራናይት፣ ለእጅ የማይሞቅ የማይቀዘቅዝ። ጥልቀቱ የሰውነቱን ውፍረት ግማሽ ያህል ብቻ ይሁን። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይቆይ፣ ልጅዎም ከአጠገቡ አትነሳ፤ እባብም ይሰምጣል። ከዚያ ሻከር ያለ እርጥብ ፎጣ እጇ ላይ ጠቅልላ፣ እባቡ ራሱ በመካከሉ እየተሳበ እንዲያልፍ ታድርግ። ጭራውን ከላይ ወደ ጫፉ በቀስታ ትሽው። መጣ መጣ፣ ካልመጣ ነገ ይደገማል። አትጎትት። ሲያልቅ ሆዱን አድርቃ ትመልሰው። ከቀለበቱ በታች ያለው ጫፍ ጠቁሮ፣ ደርቆ ወይም አብጦ ካያችሁ ግን ማሸቱን ትታችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ዓይኑን ደግሞ ማንም አይንካው። እባብ የዓይን ቆብ የለውም፤ ዓይኑን የሚሸፍነው መስታወት የመሰለ ቅርፊት ነው፣ እሱም ከቆዳው ጋር ይጣላል። ተጣብቆ ሲቀር በወረንጦ ወይም በፕላስተር የሚያነሱ ሰዎች ቪዲዮ አለ፤ ልጅዎ ያየችው እሱን መሰለኝ። ከአሮጌው ሥር ያለው አዲሱ ሽፋን አብሮ ከተቀደደ ዓይኑ ባዶውን ይቀራል፣ ይጠፋልም። መጀመሪያ የወደቁትን ቁርጥራጮች ፈልጉ። የጭንቅላቱን ክፍል ወደ ብርሃን ያዙት። ሁለት ክብ ጥርት ያሉ ሽፋኖች ካሉበት ዓይኑ ላይ የቀረ የለም፣ ድብዘዛው ሌላ ምክንያት አለው። አንድ ብቻ ካለ ሌላው ዓይኑ ላይ ነው። እርጥበቱ ከተስተካከለ በሚቀጥለው ቆዳ አብሮ የመውጣቱ ዕድል ከፍተኛ ነው። ያን ጊዜም ካልወጣ፣ ወይም አሁኑኑ ዓይኑ ካበጠ፣ ከሥሩ ቢጫ ነገር ካለ፣ ሐኪም ያንሳው። ዓይኑ ስርጉድ ያለ ከመሰለ ደግሞ ውሃ ጠምቶት ሊሆን ይችላል።

ቅድም እመለሳለሁ ያልኩት የቀድሞው ቤት ቅርስ ዋናው ቅንቅን ነው። እባብም የራሱ ቅንቅን አለው፤ ደሙን ይመጥጣል፣ ቆዳውን ያበላሻል፣ ከአንዱ እባብ ወደ ሌላው በሽታ ያዛምታል። ጥቁር ጤፍ የምታክል ተንቀሳቃሽ ነጥብ ናት። በአገጩ ሥር ባለው እጥፋት፣ በዓይኑ ዙሪያ፣ በውሃ ሳህኑ ታች ፈልጉ። እርጥብ ነጭ ሶፍት ከአንገቱ እስከ ጭራው ጎትቱበትና እዩት። እባቡ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳህን ውስጥ ከተኛ ይህን ጠርጥሩ። ካገኛችሁ የቤት ፍሊት እንዳትነፉበት፣ ይገድለዋል። ሐኪሙ የሚሰጠው መድኃኒት አለ፤ ሳጥኑም ደጋግሞ መጽዳት አለበት፣ እንቁላሉ ስንጥቅ ውስጥ ስለሚቀር። ጭንቅላቱና ሰውነቱ ላይ እየዳነ የሚመለስ ቅርፊትማ እብጠት ካለ ደግሞ የፈንገስ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ያንን በዓይን አይቶ የሚለይ የለም፣ ናሙና ይወሰዳል።

አለመብላቱ? ብዙም አልደነገጥኩም። ቦል ፓይተን በእምቢተኝነት የታወቀ ነው፤ ለወራት ጾሞ ደህና የሚሆን አለ። ቤት ቀይሯል፣ ቆዳውን ይዟል፣ ሰው ይረጨዋል። ዓይኑ ደብዛዛ በሆነበት ሰሞን ምግብ አይቅረብለት። ለጥቂት ቀናት ማንም ሳይነካው ይረፍ፣ ከዚያ ይሞከር። በየሳምንቱ በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑት፤ ሚዛኑም ለእሱ ብቻ የተለየ ይሁን። ክብደቱ ከአንድ አሥረኛው በላይ ከቀነሰ ዝም ብሎ መጠበቁ አብቅቷል፤ ሐኪም ይየው።

ስለ ቤተሰቡ ጤና። የቆዳው ችግር ወደ ሰው አይተላለፍም ማለት ይቻላል። ሳልሞኔላ የሚባለው ተቅማጥ የሚያመጣ ባክቴሪያ ግን ይተላለፋል፤ ጤነኛ የሚመስል እባብም ይዞት ሊገኝ ይችላል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች፣ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑና የበሽታ መከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎች እባብና መሰሎቹን እንዳይነኩ ይመክራል። ትንሹ ልጅዎና እናትዎ ሁለቱም እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ እነሱ አይንኩት፣ ሳጥኑም ከሳሎን ወደ ትልቋ ልጅዎ ክፍል ይሂድ። ለዚህ ሌላም ምክንያት አለኝ። ሳሎን ውስጥ ቡና ይፈላል፣ እጣን ይጨሳል። የእባብ ሳንባ ጭስ አይወድም። የእሱን ሳፋና ሳህን በወጥ ቤት ሲንክ አትጠቡ። የሚበላቸው የበረዶ አይጦችም ከዶሮው ጎን ፍሪዘር ውስጥ አይቀመጡ፤ ይህን እንኳ ሳልነግርዎትም የሚፈቅዱ አይመስለኝም። የነካው ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ባልጠየቁኝም። ይህ እባብ በደንብ ከተያዘ 20፣ 30 ዓመት ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2020 በሴንት ሉዊስ የእንስሳት ፓርክ ዕድሜዋ ከ60 በላይ እንደሆነ የተገመተ ቦል ፓይተን እንቁላል ጥላለች። ልጅዎ ከሁለት ዓመት በኋላ ኮሌጅ ትገባለች። ብዙ የዶርም ቤቶች እባብ አያስገቡም። «ማን ይይዘዋል?» የሚለውን አሁን ተነጋገሩበት፤ ያለዚያ መልሱ እርስዎ ነዎት።

ሐኪም ሲፈልጉ የውሻና የድመት ብቻ የሆነ እንዳይገጥምዎት። የተሳቢና የእንቁራሪት ዝርያዎች ሐኪሞች ማኅበር ድረ ገጽ ላይ በየአካባቢው ያሉ አባላት ስም ዝርዝር አለ። መጠለያው ሲቀበለው የጻፈው ወረቀት ካለ ይጠይቋቸው። ሲሄዱ የወደቀውን ቆዳ በፌስታል ይያዙ፣ የሳጥኑን ፎቶ፣ የመለኪያውን ቁጥር፣ ክብደቱንም ጽፈው ይውሰዱ። ትኩስ ሰገራ ካለም በትንሽ ብልቃጥ፣ ለጥገኛ ትል ምርመራ። እባቡን በትራስ ልብስ ውስጥ አስገብተው አፉን ቋጥረው፣ ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ ያስቀምጡት። ክዳኑ ቀዳዳ ይኑረው። መኪናውንም ቀድመው ያሙቁት።